መስታወት ያስገባ ሰው

«ለመሆኑ አማትህን ምን ብታስቀይማቸው ነው መስታወታቸውን ለሚሊሜትር ያዘዙት?» አለችው ባለሱቋ፣ ሁለቱን ዳቦ በአሮጌ ጋዜጣ እየጠቀለለች። ከኋላው የተሰለፉት ሰዎች ወሬያቸውን ባንዴ አቆሙ። ባለመስታወቱ ሳቀ፤ ሌላ የሚያደርገው ስላጣ ነው የሳቀው። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል፤ የገዛ ቤቱን ጉድ ዳቦ ሲገዛ መስማቱ ግን ከባዳም ባዳ ሆነበት። «ሌላ ሴትዮ ይሆናሉ፤ ተሳስተሽ ነው» አላት። ባለሱቋ ግን በሰው ጉዳይ ተሳስታ የማታውቅ ሴት ነበረች። ሚሊሜትር የሠፈሩ ሌላው መስታወት ቆራጭ ነው። ስሙን ያወጡለት ደንበኞቹ ናቸው፤ የቆረጠው መስታወት ሁልጊዜ ከመስኮቱ ያንሳል፣ እሱም ሁልጊዜ «አንዲት ሚሊሜትር ናት፣ ስቱኮ ይሸፍናታል» ይላል። ትናንት ስቱኮ ሊገዛ መጥቶ ሁሉንም ዘርግፎላት ሄዷል፦ ሦስተኛ ፎቅ፣ በመንገዱ በኩል ያለው የባለመስታወቱ አማት ክፍል፣ ሐሙስ ዘጠኝ ሰዓት። ክፍያውንም በቅድሚያ ተቀብሏል፤ የጣት ቀለበታቸውን ነው የሰጡት። «ለማንም እንዳትናገር ብለውኛል ብሎ ነው የነገረኝ» አለች ባለሱቋ። ሐሙስ ደግሞ ዛሬ ነው።

በደህናው ጊዜ ቢሆን ይህ የአማትና የአማች ኩርፊያ ተብሎ ይታለፍ ነበር። አሁን ግን ጦርነቱ ሰባተኛ ዓመቱን ይዟል። በመጀመሪያው ዓመት መድፍ ባጓራ ቁጥር መስኮቶች ይረግፋሉ፣ ሰው በማግስቱ ያስገጥማል፤ ባለመስታወቱም ደህና እንጀራ ወጥቶለት ነበር። በሦስተኛው ዓመት ሰው ደከመውና በየመስኮቱ ላስቲክ መታበት። ከዚያ ወዲህ ከተማው ሁሉ ዓለምን የሚያየው በላስቲክ በኩል ነው፤ ቀኑ የደፈረሰ፣ በመንገድ የሚያልፈው ሰው ጥላ ብቻ። የባለመስታወት ቤት ላስቲክ ለብሷል ብሎ የሚስቅበት ሰው ነበረ፤ እሱም አሁን ጠፍቷል። አንድ የመስኮት መስታወት የግማሽ ኩንታል ዱቄት ዋጋ ያወጣል፣ ግማሽ ኩንታል ዱቄት ደግሞ አንድን ቤተሰብ ወር ያደርሳል። እንግዲህ ነገ ሊረግፍ በሚችል ነገር ላይ ይህን ያህል የሚያወጣ ማን ነው? ያልተሰማ ነገር የሰማ ሰው ብቻ ነው። የግብር ቢሮው ኃላፊ መስታወት ባስገባ በሁለተኛው ሳምንት ተኩስ ቆመ፤ የኮሎኔሉ ሚስት ስታስገባ ደግሞ ሁለት ወር ሙሉ መድፉ ዝም አለ። ከዚያ በኋላ ሬዲዮ የሚያምን የለም። «መስታወት ያስገባ ሰው ወሬ አለው» ሆነ የከተማው ሕግ።

ስለዚህ ሰው ሰማዩን ትቶ ባለመስታወቱን ይጠብቃል። መስታወት ተሸክሞ ሲሄድ ሌላ ጉዳይ ያላቸው የሚመስሉ ሦስት አራት ሰዎች በየትኛው በር እንደሚገባ ለማየት ከኋላው ይጎተታሉ። «ለማን ነው?» ሲሉት «ለሆስፒታሉ» ማለት ለምዷል፤ ሆስፒታሉ ከተዘጋ ዓመት እንደሆነው ማንም አላስታወሰውም። እሱ ራሱም ቢሆን ሥራው አበላሽቶታል። ደህና አደርክ ያለውን ሰው ሁሉ፣ ይሄ ደግሞ ምን ያውቃል ብሎ ሳይመረምር አያልፍም። እና አሁን ከሰው ሁሉ መርጦ ወሬው የተገኘው በገዛ ጣሪያው ሥር፣ ለዚያውም ከእሱ ተደብቆ!

ቤት ሲገባ አማቱ እንደ ወትሯቸው በላስቲኩ ፊት ለፊት ተቀምጠዋል። «ማነው?» አሉ ዞር ሳይሉ። «እኔ ነኝ፣ እማማ» አለ። ይሄም ራሱ ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ይከነክነዋል፤ ቁልፍ ይዞ የሚገባ ሰው ከእሳቸው፣ ከእሱና ከሚስቱ ሌላ ማን አለ? ሻዩ ላይ ሲቀመጡ በሆዱ አንድ በአንድ ይቆጥር ጀመር። አማቱ ሠላሳ ዓመት የስልክ ማዞሪያ ላይ ሠርተዋል፤ የከተማውን ሹም ሁሉ በድምፁ ያውቁታል። ደረጃ ሲወርዱ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፣ ለሆነ ሰው የሚያደርሱትን መልእክት የሚያጠኑ ይመስል። ጋዜጣ ራሳቸው ማንበብ ትተው እሱን ያስነብቡታል፣ ሲያነብም አንገታቸውን ዘንበል አድርገው ድምፁን ያዳምጣሉ። የዛሬ ሦስት ሳምንት ጉልበቴን ልታይ ብለው ብቻቸውን ክሊኒክ ሄዱ፤ ሲመለሱ አንድ ኪኒን እንኳ አልያዙም። ቀኑን ሙሉ እዚያ መስኮት ሥር የሚቀመጡት ምን ሲጠብቁ ነው? ወሬ ቢነግሩህ መላ ጨምር ይላሉ፤ እሱ ወሬው ሳይነገረው መላውን ጨምሮ ጨርሶታል።

ሚስቱ ሻይ እየቀዳች ዓይን ዓይኑን ታየዋለች። ስድስተኛ ወሯን ይዛለች። የመጀመሪያ ልጃቸውን ሐኪም በሌለበት፣ ምድር ቤት ውስጥ፣ ጎረቤት ባትሪ እያበራላት ወልዳ በማግስቱ አፈር አልብሳዋለች። ሁለተኛውን እዚህ እንደማትወልድ የማለችው የዚያን ጊዜ ነው። ከወንዙ ማዶ ማዋለጃ አለ። ነገ ጠዋት አንድ አውቶቡስ እስከ ፈረሰው ድልድይ ድረስ ይሄዳል፤ ከዚያ በኋላ ሦስት ሰዓት በእግር ነው፣ ድንጋይ ለድንጋይ። ደላላው ሦስት መቀመጫ ይዞላቸው እስከ ዛሬ አሥራ አንድ ሰዓት ቁርጡን ንገሩኝ ብሏል። አማቱ ግን ሳምንቱን ሙሉ ሲለመኑ «ሐሙስ እነግራችኋለሁ» ከማለት አላለፉም። እናቷ ካልሄዱ ልጃቸው አትሄድም። ያለ እናቷ አንድ እርምጃ እንደማትራመድ ሦስቱም ያውቃሉ፤ ስለሚያውቁም አይነጋገሩበትም።

«እማማ፣ ዛሬ ሐሙስ ነው» አለ ባለመስታወቱ።

«ሐሙስ መሆኑን አጣሁት? ቀኑ ገና መች መሸና።»

«ደላላው እስከ አሥራ አንድ ነው ያለን።»

«እስከ አሥር ሰዓት ቁርጡን ታውቃላችሁ» አሉና ብርጭቋቸውን ፍለጋ እጃቸውን ጠረጴዛው ላይ አንሸራተቱ።

ዘጠኝ ሰዓት መስታወቱ፣ አሥር ሰዓት ቁርጡ! የያዘውን ዳቦ መልሶ አስቀመጠው። ሴትየዋ የሚጠብቁት ሰው አለ ማለት ነው፤ መስታወቱም ምልክቱ መሆን አለበት። ለሚስቱ ሊነግራት አስቦ ተወው። እናትሽ መስታወት አዝዘዋል ቢላት፣ ሰላም ሊመጣ ነው ብላ የታሰረውን ሻንጣ ትፈታዋለች። ሰላሙ ደግሞ ያለፈው ጊዜ እንደመጣው ሁለት ወር ቆይቶ ሊሄድ ይችላል፣ ማሕፀን ግን ቀጠሮ አያራዝምም። ሆድ ይፍጀው ብሎ ተነሣና መሣሪያውን ይዞ ወጣ።

ሚሊሜትርን ያገኘው በደረጃ ሥር ባለች ጠባብ ሱቁ ውስጥ፣ መስታወት መቁረጫ አልማዙን ጆሮው ላይ ሰክቶ ነው። እንደ ሁልጊዜው ደስተኛ ነው፤ ይሄ ሰው ቤቱ በላዩ ቢፈርስ ግድግዳው አንዲት ሚሊሜትር ዘመም አለ ነው የሚለው። «የምን ቁጣ ነው?» አለ ገና ፊቱን ሲያየው። «ደንበኛ ናቸው፤ ቀለበት ሰጡኝ፣ ተቀበልኩ። ለምን ብዬ ልጠይቃቸው? ለምን እንደሆነ አንተ ታውቃለህ ብዬ ነው እንጂ።»

«እኔ ምን አውቃለሁ?»

ሚሊሜትር ዓይኑን አጠበበ። «አማትህ ሆነው? እኔ እኮ ካንተ ሰምተው ነው፣ ሰው እንዳይጠረጥር ደግሞ ሥራውን ለኔ ሰጡት ብዬ…» አለና በጭንቅላቱ ወደ ጥጉ አመለከተ። አዲስ የተቆረጠ ትልቅ መስታወት በብርድ ልብስ ተሸፍኖ ቆሟል። «ለራሴ ቤት ነው። ሌሊቱን ከሚስቴ ጋር ስንመክር አድረን ቆረጥነው።»

ባለመስታወቱ በማለ ቁጥር ሚሊሜትር ይበልጥ ይጠቅሰዋል። «ገብቶኛል፣ ገብቶኛል» ይላል። ባለመስታወቱ ከዚያ ወጥቶ ትምህርት ቤቱ ግቢ ላስቲክ ሲመታ ዋለ። ስድስት ክፍል ነው፤ አሮጌውን መንቀል፣ አዲሱን መወጠር፣ ሚስማር፣ እንደገና ሚስማር። በዚያ መሃል አንድ መምህር ደረሰኝ ሊጠይቀው የመጣ መስሎ ቀረበና «ባለመስታወት፣ እውነት ነው?» አለው በሹክሹክታ። ዘበኛው ተከተለ። ከዘበኛው በኋላ በአጥሩ በኩል የምታልፍ የማያውቃት ሴት ቆማ «የሦስተኛ ፎቋ እናት ያንተ አማት ናቸው አይደል?» አለችና መልስ ሳትጠብቅ ሄደች። እሱ ምንም አላውቅም በማለቱ ብዙ የሚያውቅ ሰው ሆነ። ይህን ያህል ሰው የሚጠይቀው ነገር ባዶ ባይሆንስ የሚል ሐሳብ እሱን ራሱንም ጎበኘውና በመዶሻው ጣቱን መታ።

ዘጠኝ ሰዓት ሊሆን ሲል ቤቱ ደረሰ። ሚስቱ አክስቷን ልትሰናበት ሄዳለች። አማቱ ወንበራቸውን ከመስኮቱ ፈቀቅ አድርገው፣ ደህናውን ቀሚሳቸውን ለብሰው ተቀምጠዋል። «ማነው?» አሉ፤ እሱ መሆኑን ሲያውቁ ደነገጡ። «ሥራ አልነበረህም እንዴ?»

«ላግዝ መጣሁ» አላቸው። ሌላ አልጨመረም፤ እሳቸውም አልጠየቁም። ሚሊሜትር በሩን እስኪያንኳኳ ድረስ ሁለቱም ግድግዳ ሲያዩ ቆዩ።

መስታወቱ እንደተፈራው ግማሽ ጣት ያህል አጠረ። ሚሊሜትር አፉን ሲከፍት ባለመስታወቱ «በእግዜር፣ ያቺን ሚሊሜትርህን እንዳትላት!» አለውና ሥራውን ተቀበለው። የሥራ ነገር ሲሆን ጥርጣሬውም ይረሳል። ላስቲኩን ቀደደ፤ የዓመታት አቧራ ፊቱ ላይ ተደፋ። የዛጉትን ሚስማሮች ነቀለ፣ ከታች ስስ ጣውላ መታ፣ መስታወቱን አስቀመጠ፣ ዙሪያውን በስቱኮ ደፈነ፣ በመጨረሻም በጋዜጣ ወለወለው። ከዚያ ወደኋላ ፈቀቅ ብሎ አየና ልቡ ተነካ። የማዶው ቤት ግድግዳ ሰማያዊ መሆኑን ረስቶት ነበር። በረንዳው ላይ የተሰጣ የሕፃን ልብስ ይታያል፣ ሽቦው ላይ ወፍ አለ፤ ከታች መንገዱ ላይ ሰዎች ቆመው አንገታቸውን ቀና አድርገው ወደ እሱ ያያሉ። ባለሱቋ ከሱቋ ወጥታለች። ብርሃኑ ወለሉን አልፎ የአማቱ ጉልበት ላይ ወጥቷል። አሁን እጠይቃለሁ፣ አሁን ማን እንደነገራቸው ያወጡታል ብሎ ወደ እሳቸው ዞረ።

አማቱ ግን ቀደሙት። ፊታቸውን ወደ መስኮቱ እንዳቀኑ፣ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ እንዳደረጉ «ልጄ፣ ላስቲኩን መቼ ነው የምታነሡት?» አሉ።

ሚሊሜትር ቀልድ መስሎት ሳቀ፤ ሳቁን ሳይጨርስ ዋጠው። ባለመስታወቱ በእሳቸውና በመስኮቱ መካከል ገብቶ ቆመ። ፊታቸው ላይ የተለወጠ ነገር የለም። ዋሽ ዋሽ አለው፤ ገና ነው፣ ስቱኮው ይድረቅ ማለት ይችል ነበር። ግን ደህና ቀሚሳቸውን ለብሰው ለጠበቁት ነገር ውሸት አነሰበት። «ተነሥቷል፣ እማማ» አለ።

«እንዲያ ነዋ» አሉ። ከዚያ በዚያው የስልክ ማዞሪያ ድምፃቸው፣ ቀስ ብለው ነገሩት። «ሁለት ዓመት ሆነኝ። ሰው ሁሉ በዚህ ላስቲክ የተነሣ አይታየኝም ሲል፣ እኔም ከሰው ጋር አይታየኝም እል ነበር። የኔ ከሰው ይለያል ብዬ በምን ልወቅ? ክሊኒክ ብሄድ የዓይን ሐኪሙ ተሰዷል፤ ነርሷ ከጦርነቱ በኋላ ተመለሽ አለችኝ። እንግዲያ መስታወት ላስገባና ልየው አልኩ። ካየሁ አብሬያችሁ እሄዳለሁ። ካላየሁ ዕውር እየጎተታችሁ ያን ድንጋይ ልትወርዱ አይደለም፣ እምቢ አለች ብለህ ሚስትህን ይዘህልኝ ትሄዳለህ። ላንተ ያላዘዝኩት አንተ ከሚስትህ ደብቀህ ስለማታውቅ ነው።»

ባለመስታወቱ አፈረ። ከጠዋት ጀምሮ በገዛ ቤቱ ሰላይ ሲያሳድድ፣ አጠገቡ አንዲት እናት ደረጃ እየቆጠሩ ሲወርዱ አላየም። ከማፈሩም በላይ አዘነ። ወንበሩ ሥር ቁጢጥ ብሎ እጃቸውን ያዘ። «አዝልዎታለሁ» አለ። «ዕድሜ ልኬን መስታወት የተሸከምኩ ሰው ነኝ።»

«መስታወት ዝም ይላል፤ እኔ መንገዱን ሙሉ ስነተርክህ ነው የምሄደው።»

«ይነትርኩኝ።»

«ወገብህ ቢቆረጥ ኃጢአቱ የኔ አይደለም» አሉ። ለመሄድ እሺ አሉ ማለት ነው። ሚሊሜትር በጥጉ ቆሞ አፍንጫውን ይጠርጋል፤ ከኪሱም ቀለበቱን አውጥቶ ቀስ አድርጎ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ።

አሥር ሰዓት ተኩል ላይ ባለመስታወቱ ሦስቱንም መቀመጫ ሊያጸድቅ ወደ ደላላው ሮጠ። ልቡ ቀልሎት ነበር፤ ከብዙ ጊዜ ወዲህ ገና ዛሬ እውነቱንም፣ የሚያደርገውንም ያውቃል። የደላላው ክፍል ከጋራዡ ጀርባ ነው፤ በሩ ድረስ ሰው ሞልቶታል። የጠዋቱ የዳቦ ሰልፍ እንዳለ እዚህ የመጣ ይመስላል። «የኔን ሰርዝልኝ»፣ «የኔንም አራቱን» ይላሉ። ሲያዩት ጸጥ አሉና መንገድ ለቀቁለት። «ይኸው፣ እሱም ሊሰርዝ መጣ» አለ አንዱ።

«እኔ ልሄድ ነው የመጣሁት! ምንም የተሰማ ነገር የለም። አማቴ ዓይናቸው ጠፍቶ ነው መስታወቱን ያስገቡት!»

ባለኮፍያው፣ ያ በሠፈሩ አዋቂ የሚባለው ጡረተኛ፣ ኮፍያውን አስተካከለ። «እሺ ልጄ» አለ በትዕግሥት። «ለማያይ ሰው መስታወት ምን ይሠራለታል?» ሰዉ በሳቅ ፈረሰ። ባለመስታወቱ ከሥሩ ጀምሮ ሊያስረዳ ሞከረ፤ ስለ ላስቲኩ፣ ስለ ክሊኒኩ፣ ስለ ነርሷ። ባስረዳ ቁጥር ትከሻውን መታ መታ ያደርጉታል። «አይዞህ፣ ካንተ ሰማን አንልም» አለችው ባለሱቋ። እንዲህ ፊታቸው ፈክቶ አይቷቸው አያውቅም፤ ጠልቷቸው ሊወጣ ሲል ያ የፈካ ፊት አሳዘነው። ሰባት ዓመት ሙሉ ያኖራቸው እንዲህ ያለው ተስፋ ነው፤ ከሰው መስኮት የለቀሙት።

ደላላው ስም መሰረዙን ሲጨርስ እርሳሱን ጣለ። ከአርባው መቀመጫ ሠላሳ አንዱ ባዶ ቀርቷል። «ሾፌሩ ለዘጠኝ ሰው አይነዳም» አለ። «ሰው ልከንበት ወዲያው እሺ፣ ጉዞው ይቅር ብሏል።»

«መቼ ነው እንግዲህ?»

«ሰው ሲሞላ። ዝናቡ ከገባ ደግሞ ያ መንገድ አይታሰብም።»

ወደ ቤቱ ሲመለስ ከየፎቁ የመዶሻ ድምፅ ይሰማል። በአራት መስኮት ላስቲኩ ተነቅሎ ነፋስ ይገባል። ሚሊሜትር ያንን ትልቅ መስታወት ተሸክሞ ሲያልፍ ባየው ጊዜ ፊቱን አዞረ፤ እውነቱን በዓይኑ አይቶ፣ በጆሮው ሰምቶ የወጣ ሰው ነው። ከኋላው የሚከተሉት ሰዎች ለመደበቅ እንኳ አልሞከሩም።

እናትና ልጅ አልጋው ጫፍ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው አገኛቸው። ሚስቱ አልቅሳ ጨርሳለች፤ ሻንጣው ታስሮ እግሯ ሥር ነው። ቆሞ ነገራቸው። ሚስቱ ሁለት እጇን ሆዷ ላይ አደረገች። ሌላ ሾፌር እፈልጋለሁ፣ ጋሪም ቢሆን አገኛለሁ እያለ ቃል ሲደረድር አማቱ አቋረጡት።

«ስንቱ ነው የሰረዘው?»

«ሠላሳ አንድ።»

«ሠላሳ አንድ» አሉ አማቱ። ፊታቸውን ወደ መስኮቱ መለሱ። «ሠላሳ አንድ ሰው እንዲያው በባዶ ሜዳ አይሰርዝም። የሰሙት ነገር ቢኖር ነው።»

«እማማ! የሰሙትማ የእርስዎን መስታወት ነው እኮ!»

«የኔንስ አውቃለሁ። ከኔ ሌላ የሰሙት ቢኖርስ?»

ሚስቱ ቀና አለች። «ባለኮፍያው ሰርዟል?»

«ሰርዟል።»

«እሱማ እንዲያው አይሰርዝም» አለች በቀስታ። «የእሱ ወንድም እዚያ ትልቁ ቢሮ ነው የሚሠራው።»

ባለመስታወቱ ሊጮህ አፉን ከፈተ። መስታወቱን የገጠምኩት እኔ ነኝ፣ ስቱኮው ገና በጥፍሬ ውስጥ ነው፣ ከዚህ መስኮት የወጣ ወሬ ተመልሶ እንዴት ይገባብናል ሊል ነበር። በዚያው ቅጽበት ግን የሾፌሩ ነገር ትዝ አለው። ሠላሳ አንድ ተሳፋሪ ያጣ ሰው ሳይከራከር፣ ሳይቆጣ፣ እንዴት ወዲያው እሺ ይላል? ምን ቢሰማ ነው? አፉን ገጠመ። ከታች መዶሻው ይሰማል፤ በሰማያዊው ግድግዳ ላይ የመጨረሻው ፀሐይ አርፏል።

ሚስቱ ጎንበስ ብላ የሻንጣውን ገመድ ያዘች። «የኛ ክፍል መስኮት ስፋቱ ስንት ነው?» አለችው።

ባለመስታወቱ ሜትሩን ከኪሱ አወጣ።